እሹሩሩው ውስጥ ያለው ስም

ካሊጄሮ መንደር፣ ኩሎን ፕሮጎ፣ ጃቫ
ማክሰኞ፣ በእኛ የገበያ ቀን ቆጠራ ፖን
ጁላይ 15 ቀን 2025

ለውድ ልጄ ለኒንግሩም፣

አንቺን፣ ባልሽን አንድሬንና ያቺን ገና በስክሪን ብቻ የሳምኳትን የልጅ ልጄን ኬናሪን ሰላም ብያለሁ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይኮራብኛል እንጂ ረፋዱ ላይ ይለመናል። ዝናቡ ካቆመ ሁለት ወር ስላለፈው አቧራው እስከ መኝታ ቤት ገብቷል። ከዶሮዎቹ አንዷ ብቻ እንቁላል መጣል አቁማለች፤ ሾርባ አደርግሻለሁ ብዬ በየቀኑ አስፈራራታለሁ፣ ንቃኛለች።

በስልክ ማውራት እየተቻለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ ስናወራ አንድሬ ከኋላሽ ብቅ ይልና እጁን ያወዛውዝልኛል። እኔም አወዛውዝለታለሁ፤ ከዚያ የጀመርኩት ወሬ ይጠፋኛል። ደግሞም አንዴ ድምፄን ሰጥቼሽ የት እንደደረሰ ሁለታችንም አይተናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይህን ነገር በድምፄ አልሰጥሽም። በእጄ ጽፌ፣ አጥፌ፣ በምራቄ አሽጌ ነው የምልክልሽ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ለማን እንደምታሳዪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ዓርብ ስንደዋወል ስልኩን ወደ ኬናሪ አልጋ አዙረሽ አሳየሽኝ። ትንሿ ድምፅ ማጉያ ከራስጌዋ ተቀምጣ የእኔን እሹሩሩ ትዘፍናለች፤ ልጅቷም ቡጢዋን ጨብጣ ተኝታለች። “እማ፣ ካንቺ ድምፅ ውጪ በምንም አትተኛም እኮ! ፊልሙ ላይ ያለውን ነው የምከፍትላት” አልሽኝ። እኔም “አጥፊው፣ ጆሮዋን ያሳምማታል” አልኩሽ። ሳቅሽብኝ። ለመሆኑ ስለ ድምፅና ስለ ጆሮ ለአንቺ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የፊልም ድምፅ ስትቀጂ ለኖርሽው ልጅ፣ ምን ልነግርሽ ኖሯል? ውሸቴን ነበር። ጆሮዋን አያሳምማትም። እንድታጠፊው የፈለግኩት በሌላ ምክንያት ነው።

ያን ዕለት ሁለተኛ ነገርም ጠይቀሽኛል። አንቺ ድምፁን የቀዳሽለት የዚያ የሙት ፊልም ሰዎች ሁለተኛውን ክፍል ሊሠሩ ነው፣ ርዕሱንም “ዋሉዮ” ሊሉት ይፈልጋሉ፤ ስሙን መጀመሪያ ያወጣሽው አንቺ ስለሆንሽ ፍቀጂልን ብለዋል አልሽኝ። “እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት እማ” ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። አሰብኩበት። የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ቦታ ነው ያለው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩሽ አይገባሽም። ስለዚህ ሻይ ቀጂና ቁጭ በይ።

በመጀመሪያ አንድ ሌላ ውሸቴን ላርም። በደወልሽ ቁጥር “ሥራ በዝቶብኛል፣ ዛሬም ሕፃን አጥቤ መምጣቴ ነው” እልሽ ነበር። ፊልሙ ከወጣ ጀምሮ ያጠብኩት ሕፃን የለም። አንድም።

ጎረቤታችን ጁሚራህ፣ በልጅነትሽ ዘይቱኗን እየሰረቅሽ ታስለቅሺያት የነበረችው፣ የልጇ ሚስት ቱቲክ ሚያዝያ ላይ ጤና ጣቢያ ወለደች። ማዋለዱን ለነርሶቹ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የሕፃኑ እትብት የሚወድቅበትን ቀን ግን ማንም ነርስ አይነካብኝም ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ መንደር እትብት ሲወድቅ የምጠራው እኔ ነኝ። አጥባለሁ፣ አሻለሁ፣ ስሙን እጠይቅና እዘፍንለታለሁ። የቱቲክ ልጅም ቀኑ መድረሱን ቆጥሬ አውቄ ነበር። ጠዋት ቀይ ሽንኩርት ፈጭቼ በኮኮናት ዘይት ለወስኩ፣ የክት ልብሴን ለበስኩ፣ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከእነሱ በር እስከ እኔ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማኛል። ማንም አልመጣም።

ረፋድ ላይ ጁሚራህ ራሷ መጣች፤ ቀይና ነጩን የስም ማውጫ ገንፎ በሳህን ይዛለች። ሁልጊዜ ሳትጋበዝ የምትቀመጠው ሴት ያን ቀን ቆመች።

“እትዬ ሳሪንተን፣ እንዳትቀየሚኝ” አለችኝ።

“ምን አደረግሽና?”

“እኔ አይደለሁም፣ ያቺ ልጅ ናት። ፊልሙን አይታዋለች። ያንቺን ድምፅ ስትሰማ ያቺ ከዛፍ ላይ የምትወርደው ሙት ትመጣባታለች። ወተቴ ይደርቃል ብላ አለቀሰች፣ ምን ልበላት?”

“አንቺስ? አንቺም ትፈሪኛለሽ?”

“እኔማ! ሦስት ልጆቼን ያጠብሽልኝ ሴት! እኔ ምን እፈራሻለሁ?” አለችና ሳህኑን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። “ግን እውነቱን ልንገርሽ አይደል… ባለፈው ሲመሻሽ ዶሮዎችሽን ስትጠሪ ሰምቼሽ ባሌን በሩን ዝጋው ብዬዋለሁ።”

“ዶሮ ስጠራ?”

“ምን ላድርግ እትዬ፣ ድምፁ ያው ነው!”

ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጣልኝ ሄደች፤ እኔም ያልዘፈንኩለትን ሕፃን ገንፎ ብቻዬን በላሁ። ጣፋጭ ነበር፣ ስኳር ግን በዝቶበታል።

ጁሚራህን አትቀየሚያት። ሌላውም እንደዚያው ነው። የታችኛው ሰፈር ሴቶች አሁን ልጆቻቸውን የሚያሳሹት ወንዙን ተሻግረው ነው። ሱቅ ስገባ ነፍሰ ጡር ካለች ዕቃዋን ሳትጨርስ ትወጣለች። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ እንዲያውም ሁሉም ይኮሩብኛል። የመንደራችን ድምፅ ሰባ አገር ደረሰ ይላሉ። ይኮሩብኛል፣ ግን ቤታቸው አያስገቡኝም።

ፈረንጆችም ይመጣሉ፣ ይህንንም አልነገርኩሽም። የአስተዳዳሪው ጸሐፊ የነበረው ቦዎ አሁን አስጎብኚ ሆኗል፤ “የእሹሩሩዋ እናት ቤት” እያለ ሰው ይዞ ይመጣል። ግንቦት ላይ ከብራዚል ሁለት ወጣቶች አመጣ፤ አንዷ ፀጉሯ ሰማያዊ ነው። ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ፣ ሙዝ ጠብሼ አቀረብኩላቸው፣ በሉ። ከዚያ ቦዎ “እማማ፣ እንድትዘፍኚላቸው ነው የሚፈልጉት” አለኝ።

“እሺ፣ ሕፃኑ የታለ?” አልኩ። ከዚያ ሁሉ አገር የመጡት የታመመ ልጅ ቢኖራቸው ነው ብዬ እኮ ነው።

ቦዎ ተረጎመላቸው። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች፣ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀኝ ጀመር። ለካ የፊልሙ ሙት በየመስኮቱ እየዞረች የምትጠይቀው ይህንኑ ቃል ነው፤ ትወና የጀመርኩላቸው መስሏቸዋል። ባለ ሰማያዊ ፀጉሯ ልጅ በደስታ አልቅሳ አቀፈችኝ። ቶሎ አልለቀቀችኝም፣ እኔም ቶሎ ልቀቂኝ አላልኳትም። ከኢድ ወዲህ ሰው አቅፎኝ አያውቅም ነበር። ስትሄድ ከበረንዳዬ ላይ አንድ የደረቀ ቅጠል ለማስታወሻ ይዛ ሄደች።

የአስተዳዳሪው ልጅ ሠርግ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ድንኳን ውስጥ ከኋላ ተቀምጫለሁ፤ ያቺ የዳንግዱት ጭፈራ ዘፋኝ፣ ቀሚሷ ሁሉ የሚያብረቀርቀው፣ ማይክሮፎኑን ይዛ “አሁን ደግሞ ሜክሲኮና ጃፓን የሚጨፈርበት የእኛው የራሳችን ዘፈን!” አለች። ከበሮው ቀጠለ። እሹሩሩዬ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ሕፃን የሚያስተኛውን ዜማ ሙታን የሚቀሰቅስ ከበሮ አስገብተውበት ወጣቱ አውራ ጣቱን እያነሣ ይወዛወዛል። እውነት ለመናገር ከበሮው ደስ ይላል፤ ከበሮ መቺው ቅልጥፍ ያለ ነው፤ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሳላዘው መምታት ጀምሮ ነበር። ስሙ ላይ ሲደርሱ ግን ድንኳኑ በሙሉ እጁን ወደ ላይ አድርጎ “ዋሉዮ! ዋሉዮ!” አለ። እግሬ ቆመ። ዘፋኟም “የዘፈኑ ባለቤት እዚሁ ናት፣ እማማ ወደ መድረክ!” ስትል ሰው ሁሉ ዞረ፣ አጠገቤ የነበሩት ሁለት አራሶች ደግሞ ወንበራቸውን ከእኔ ራቅ አደረጉ። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

አሁን ስለ ስሙ።

አንቺ ዋሉዮን እንዲሁ አፌ ላይ የመጣ ስም ይመስልሻል። አልፈርድብሽም፣ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ። ኒንግሩም ልጄ፣ ዋሉዮ ወንድምሽ ነው። ታላቅሽ።

ይኸው ጻፍኩት። ብዕሩን አስቀምጬ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ከመወለድሽ አምስት ዓመት በፊት መንግሥት መሬት የሌለውን የጃቫ ሰው ባሕር አሻግሮ ሱማትራ ሲያሰፍር እኔና አባትሽ ላምፑንግ ሄደን ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባትሽ “ላምፑንግ አፈሩ አልያዘልንም፣ ተመለስን” እያለ የሚያወራልሽ ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ነው የነገረሽ። ጫካ ተመንጥሮ የጣውላ ቤት ተሰጠን። ዝናብ ሲሆን መንገዱ ወንዝ ይሆናል። በዚያ ዝናብ መሃል ወለድኩ። አዋላጅ የለ፣ እናት የለ፣ አማት የለ፤ አባትሽ ነው በሩዝ ማጨጃው እትብቱን የቆረጠው። ዋሉዮ ያለውም አባትሽ ነው፣ ጤናማ ይሁን ብሎ። ትልቅ ጆሮ ነበረው። ሲጠባ አንድ እግሩን ይዘረጋ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃለት።

በዘጠነኛው ቀን ሰውነቱ ጋለ። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። አንድ ነገር እንኳ አላወቅኩም፣ ልጄ። እዚህ መንደር ቢሆን ሮጬ የምጠራት ሴት ነበረችኝ። እዚያ በር ከፍቼ ዝናቡን አየሁት፣ በሩን ዘጋሁት። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አረፈ። አባትሽ ከካሳቫው ማሳ ጫፍ ቀበረው፤ ድንጋይ ስላልነበረ የካሳቫ ግንድ ቆርጦ በራስጌው ተከለለት። ካሳቫ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በወሩ ቅጠል አወጣ። አባትሽ ያንን ሲያይ ማሳው ላይ ቁጭ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን በኋላ “ስሙ በዚህ ቤት አይነሣ፣ ካልረሳነው አብረን አንኖርም” አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ መቻል አቅቶት ነው። እኔም እሺ አልኩ። ሁለት ዓመት ቆይተን ተመለስን፤ እዚህ ማንም አልጠየቀንም፣ ማንም አላወቀም። አባትሽ እስኪሞት ድረስ ስሙን አንድ ቀን አፉ ላይ አላነሣም። መቃብሩን ሳላይ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ከጾም በፊት ሰው ሁሉ የሙታኑን መቃብር ሊጠርግ ሲሄድ እኔ የሰው መቃብር ስጠርግ ኖሬያለሁ። ማሳው አሁን የዘይት ዘንባባ እርሻ ሆኗል ይላሉ።

እሹሩሩውን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ስትወለጂ አሮጊቷ ሙርታሲህ መጥታ ስትዘፍንልሽ ሰማሁ፤ እግሯ ሥር ወደቅኩ፣ አስተምሪኝ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ እኔም አልነገርኳትም። እንዲህ ብላ ነው ያስተማረችኝ፦ አዲስ የተወለደ ነፍሱ ከገላው ጋር ገና አልተላመደችም፣ ደጅ ደጁን ትላለች፤ ስሙን እየጠራሽ ነው የምታስገቢው። ያለ ስም አይዘፈንም። ያለ ስም የጠሩ እንደሆነ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም።

ስለዚህ ያን ቀን፣ የዛሬ አምስት ዓመት፣ ድመት የመሰለውን ባለፀጉር ማይክሮፎንሽን ይዘሽ ስትመጪ፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ መስኮት ላይ ሰቅለሽ፣ ዶሮዎቼን አባርረሽ፣ “እማ፣ ዝም ብለሽ ዝፈኚ” ስትይኝ፣ “ለማን?” አልኩሽ። ታስታውሻለሽ?

“ለማንም። ለፊልሙ ነው” አልሽኝ።

“ለማንም አይዘፈንማ! ስም ያስፈልገዋል።”

“እንግዲያው አንድ ስም ጥሪ፣ እማ። የፈለግሽውን።”

የፈለግሽውን አልሽኝ። አርባ ዓመት ሊሞላ ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

የአንቺን ስም መጥራት እችል ነበር። የድመቴንም መጥራት እችል ነበር፣ እናንተ ምን ታውቁ! ዓይኔን ጨፍኜ ግን እሱን ጠራሁት።

ና ግባ ወደ ገላህ፣ ሞቋል ጎጆህ፣
ውጪ ማን ያውቅሃል፣ ማን ይይዛል እጅህ፣
ዋሉዮ፣ ዋሉዮ፣ አትራቅ ከደጄ፣
የጠራሁህ እኔ ነኝ፣ እናትህ፣ ልጄ።

ለሰው ልጅ ስዘፍን “እናትህ” የምለው በወለደችው ተወክዬ ነው። ያን ቀን በማንም አልተወከልኩም። ለመንደሩ ልጅ ሁሉ ዘፍኛለሁ፣ ለእሱ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ ጆሮሽ ላይ ያደረግሽውን አውልቀሽ፣ ዓይንሽ እንባ ሞልቶ፣ “እማ፣ እንዲህ ዘፍነሽ አታውቂም እኮ” አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። ያን ጊዜ ብነግርሽ ኖሮ ታጠፊው ነበር፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ በማታውቂው ነገር ራስሽን እንዳትበዪ።

ፊልሙን አላየሁትም ብዬሽ ነበር አይደል? አይቼዋለሁ። ሁሉም የፈራኝ ምን አድርጌ ነው ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር በአውቶብስ ጆግጃ ከተማ ሄጄ፣ ከቀትር በኋላ የሚታየውን ትኬት ቆረጥኩ። ትኬት ቆራጯ “እማማ፣ ይሄ የሚያስፈራ ነው፣ የቤተሰቡ ፊልም በዚያ በኩል ነው” አለችኝ። “እኔ ራሴ ነኝ የማስፈራው” ብላት ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ተማሪዎች መሃል ተቀመጥኩ። ጥሩ ሠርታችሁታል፣ ልጄ። ያ ዝናብ እንዴት ይሰማል! ጣራው ላይ ሳይሆን አንገቴ ላይ የሚዘንብ ነው የመሰለኝ። ያቺ ምስኪን ሙት ግን አላስፈራችኝም። ልጇን ነው የምትፈልገው፣ ምን ያስጮኻል?

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ድምፄ ከአራቱም ግድግዳ ወጣ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ስሙ ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ወጠምሻ ጓደኞቹን ሊያስፈራ “ዋሉዮ!” ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀበለው፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ እየሳቀና እየፈራ ይጠራው ጀመር። ዋሉዮ፣ ዋሉዮ፣ ዋሉዮ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል።

ጨቅላ ሲጠራ አቤት የምትለው እናቱ አይደለች? እኔም በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ “አቤት” አልኩ። በተጠራ ቁጥር አቤት፣ አቤት አልኩ። አለቀስኩ፣ ግን አታዝኚልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ከእኔና ከአባትሽ ሌላ ሰው ጠራው። በአውቶብስ ስመለስ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ሁሉም ይፍራኝ፣ ምንም አይደል አልኩ። ያን ቀን ከልቤ ነበር። ዛሬ ግን፣ ከተቀመጥኩበት የቱቲክ ልጅ ሲያለቅስ እየሰማሁ፣ ምንም አይደል ለማለት ይከብደኛል።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይላሉ። ሰው ሁሉ እኔን አንድ ያላት ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ባሕር ማዶ ነው ያስቀመጥኳችሁ፤ እንቅልፌን አስቢው።

እንግዲህ የጥያቄሽ መልስ።

ለኬናሪ ያን ቅጂ ዳግም አትክፈቺላት። ሌላው ዓለም ይጨፍርበት፣ ይጩህበት፤ የእኛ ልጅ ግን በሌላ ልጅ ስም መጠራት የለባትም። ቦታው የራሷ ነው፣ አጎቷ ነው ብዬ አላካፍልባትም። አጥፊውና አንቺ ራስሽ ዝፈኚላት። ድምፅ የለኝም እንዳትዪኝ። ቃሉን ወደ ሴት ማዞር ነው፤ ነይ ግቢ ወደ ገላሽ እያልሽ፣ ስሟን ሦስት ጊዜ ጥሪና “እናትሽ” ላይ ስትደርሺ አትቸኩዪ። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ታለቅስብሻለች፣ ቻዪው። አንድሬ ጆሮውን ከያዘም ይያዝ። መጥቼ ላሳይሽ እችል ነበር፣ ግን በዚያ ብርድ እኔ ምን እሠራለሁ? ቦዎን እንዲያው ለወሬ ያህል ጠይቄው ፓስፖርት በሳምንት ያልቃል አለኝ፤ ፎቶው ጆሮ ማሳየት አለበት አሉ። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት።

ስለ ፊልሙ ርዕስ፦ ፈቅጃለሁ። ዋሉዮ ይበሉት። በትልቁ ይጻፉት፣ በየከተማው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። አባትሽ ቢሰማ ይቆጣ ነበር፤ ግን የእሱን ቃል አርባ አራት ዓመት አክብሬያለሁ፣ ይበቃዋል። አዲስ እሹሩሩ ቅጂልን ቢሉሽ ግን አይሆንም በያቸው፤ ለእሱ አንዴ ዘፍኛለሁ፣ ደርሶታል።

በነጻ ግን አልፈቅድም። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ሳይበራ የሠራችሁት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት አለ አይደል? ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲሄድ እኔ የአንቺ ስም እስኪደርስ ቁጭ ብዬ ጠብቄ ነበር። እዚያ ውስጥ የወንድምሽን ስም አስገቢልኝ። ልጄ ሲወለድ የመዘገበው የለም፣ ሲሞት የመዘገበው የለም። መታወቂያ የለው፣ የመቃብር ድንጋይ የለው። በዚህ ምድር ላይ ስሙ አንድ ቦታ ተጽፎ አያውቅም፤ እኔም ብሆን እስከዚህች ደብዳቤ ድረስ ጽፌው አላውቅም። የዚያች የፊልሙ ሙት ልጅ ነው አይበሉት። እንዲህ ብቻ ይጻፉ፦ ዋሉዮ፣ የሳሪንተንና የዳርሞ ልጅ። ዐሥራ ሁለት ቀን ኖረ። የሚያነበው ቢጠፋ ግድ የለኝም፣ አንቺ ፊደሉ አለመሳሳቱን እይልኝ።

አላህ ቤትሽን በልጅ ድምፅ ይሙላው። የኬናሪን ነፍስ ከገላዋ ጋር ያላምዳት፤ አንቺ ጠርተሻት አቤት እስክትል፣ አቤት ብላም እስክታረጅ ያቆያት። አንድሬንም ሰላም በይልኝ፤ እጄን አወዛውዤለታለሁ።

የዋሉዮና የኒንግሩም እናት፣
ሳሪንተን